ሦስት ነጥብ ሁለት

ታይዋን ገበያ፣ ጉሌድ ሱቅ በረንዳ፣
ሁለት ሶላር ቆመው፣ ጀርባቸው ግድግዳ።
አንዱ ሃያ ሁለት ኪሎ፣ ፊቱ ወፍራም መስታወት፤
ሌላው እንደ ሰሌን ታጥፎ፣ የሚነሣ በሁለት ጣት።
ጉሌድ በሁለቱም ይምላል፤ ነጋዴ ነው፣ ምን ይደረግ።
«ይሄን ድንጋይ አይበግረው፣ ያንን ነፋስ አያሰጋው፤
ዋስትናው ሃያ አምስት ዓመት!»
ሱቁን የተከራየው ለስድስት ወር ነው።

አባቴ ምድር ባቡር ነበር፣ የፉርጎ መስኮት ገጣሚ።
በጥፍሩ ኳ ያደርግና፣ ጆሮውን አስጠግቶ፣
«ይሄ አራት ሚሊ፤ ይሄ ሦስት አይሞላ» ይላል ተረጋግቶ።
«ቀጭን መስታወት ያወራል፣ ወፍራም መስታወት ይመልሳል።»
ካሊፐሩን የሚያወጣው ላላመነው ሰው ብቻ ነበር፤
ያውም ተቀይሞ።

ኢንቲሳር መጣች ከደቻቱ ዳር፣
ቀዝቃዛ ውሃ ሻጭ፣ ስልክ የምትሞላ በአሥር ብር።
«ቀላል ሆኖ የማይሰበር ስጠኝ» አለችኝ ፊት ለፊት።
እንዲህ ያለ ከሰውም አላየሁ፣ እንኳን ከመስታወት።

ጣሪያዋ ላይ ወጣሁ። ቆርቆሮው ዝገት አብቦበታል፤
ማገሩን ስረግጠው ያስላል፣
የምስጥ ዱቄት ከሥሩ ይበናል።
ሃያ ሁለት ኪሎ እዚህ መስቀል
በሽማግሌ ጀርባ ወፍጮ መጫን ነው።
«እንግዲያው ቀላሉን» አለች ከታች፣ መሰላሉን ይዛ።

ዝም አልኩ። ያንን ቀላል አውቀዋለሁ፤
ሳቢያን ሦስት ሰቅዬ፣ ሦስቱንም አውርጃለሁ።
የድሬ ፀሐይ መጀመሪያ ቢጫ ታደርገዋለች፣
የወፍ በሽታ እንደያዘው ዓይን፤
ቀጥላ ታሳብጠዋለች፣ እንደ ተቃጠለ መዳፍ።
ከዚያ ነፋስ ባርገበገበው ቁጥር
ከውስጥ አንዲት ፀጉር ትሰነጠቃለች፤
አትታይም፣ አትሰማም።
ማታ አምፖሉ ትንሽ ይደበዝዛል፤
ባለቤቱም «ዓይኔ ነው» ብሎ ሐኪም ቤት ይሄዳል።

«ወፍራሙን እንግዛ፤ ጣሪያው ይቅር፣ መሬት ይተከላል።»
ከአባቴ ጓሮ ሁለት ቁራጭ ሀዲድ አመጣሁ፤
ባቡር የቻለ ብረት መስታወት አያቅተውም።
ጉሌድ ሱቅ ስንደርስ ሰው ሁሉ እያየኝ
ጎንበስ ብዬ በጥፍሬ ኳ አደረግሁት።
አዳመጥሁ።
«ሦስት ነጥብ ሁለት» አልኩ፣ እንደ አባቴ ተረጋግቼ።
ከጀርባው የተለጠፈው ወረቀትም ያንኑ ይላል።
ካሊፐሩ ኪሴ ውስጥ ነበር።

በሃያኛው ቀን ስልኬ ጮኸ። ኢንቲሳር ናት።
«ተሰበረ! የሠፈር ልጆች ዝንጀሮ ሲያባርሩ፣
ዝንጀሮው አመለጠ፣ ሶላሩን አገኙት በጠጠሩ!»
«አሁን በምን ሞልተሽ ደወልሽ?»
ትንሽ ዝም አለች።
«በሱው» አለች፣ እሷም እየገረማት።

ሄጄ አየሁት። ከጫፍ እስከ ጫፍ የሸረሪት ድር፤
አንዲት ቅንጣት ግን አልወደቀችም ከምድር።
ሺህ ፍርፋሪ ሆኖ፣ እያንዳንዷ ለብቻዋ
ጥፍር የምታክል ፀሐይ ይዛለች።
ዝናብ እንዳይገባው ሲሊኮን ቀባሁት፣
አፈር ሲያነሣ የዋለውን ነፋስ በጀርባዬ ከልዬ።

ፍሬሙ በአንድ ማዕዘን ተላቆ፣ የመስታወቱ ጠርዝ ይታያል።
አባቴ ላላመነው ሰው ያወጣውን ካሊፐር
እኔ ላመነችኝ ሴት አወጣሁት፣ ያውም ተደብቄ።
ሁለት ነጥብ ስምንት።
እንደገና ለካሁ።
ሁለት ነጥብ ስምንት።

ካሊፐሩን አወረሰኝ እንጂ
ጥፍሩን ይዞት ሄዷል።

«የእጅህን ስንት ልክፈል?»
«ምንም።»
«ምነው?»
ላብ ነው ብዬ ፊቴን ጠረግሁ።
ቀዝቃዛ ውሃ ሰጠችኝ። ከልማድ የተነሣ
ጠርሙሱን በጥፍሬ ኳ አደረግሁት።
ፕላስቲክ ነው፤
ምንም አላለኝም።